ለድልድዩ የተሰፋው ድሪቶ

ስሟን መጥራት ለነገራችን የማያስፈልግ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት፤ ቤቶቿ የድንጋይ፣ መስጂዷም ከቤቶቿ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ። በዚያች ከተማ ሐጂ ሸምሰዲን የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ጨርቅ ሲለኩ ክንዳቸውን አሳጥረው አያውቁም። ጣቃው ውስጥ እንከን ካለ ገዢው ሳያየው እሳቸው ራሳቸው ዘርግተው ያሳዩታል። አላህ በንግዳቸው በረካ አድርጎላቸው ነበር፤ ባለጸጋ ግን አልነበሩም፤ የሚያገኙት በአንድ እጃቸው ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበርና።

በሱቃቸው በረንዳ ላይ ዙምራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ተቀምጣ ልብስ ትሰፋ ነበር። የቦታ ኪራይ ጠይቀዋት አያውቁም። እሷም ጠዋት በረንዳውን ጠርጋ ውሃ ሳትረጭበት መርፌ አትይዝም።

ከተማዋን ከማዶው ገጠር የሚለየው ወንዝ በበጋ ልጆች የሚሻገሩት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። የማዶ ሰው ቢታመም፣ ወደ ከተማ መሻገር ቢፈልግ፣ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጦ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። የዙምራ አንድያ ልጅ ሰዕዲያ የተዳረችው እዚያ ማዶ ነበር። በአንድ ሐምሌ ምጥ ጠናባት፤ የመንደሯ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ወንዙ አደረሷት። አዋላጇና ዙምራ ከወዲህ ዳር፣ ሰዕዲያ ከወዲያ ዳር፣ በመካከላቸው ጭቃ የመሰለ ውሃ። ዙምራ የልጇን ጩኸት ስትሰማ ዋለች። አመሻሹ ላይ ጩኸቱ ቆመ። ውሃው ጎድሎ ስትሻገር እናትም ሕፃንም አብረው ተገንዘው ጠበቋት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከዚያ ወዲያ ባለው በጋ ሐጂ ሸምሰዲን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ተነሥተው ጀማዓውን ለመኑ። «በዚህ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ እንሥራ» አሉ። ሕዝቡ የአቅሙን ሰጠ፤ ነገር ግን ዘመኑ አዝመራ የከዳበት ነበር። የተሰበሰበው ለኖራው እንጂ ለግንበኞቹ የሚበቃ አልሆነም።

ዙምራ ይህን ስትሰማ ወደ ሱቁ ገባችና «ሐጂ፣ እኔ ገንዘብ የለኝም» አለቻቸው። «እጅ ግን አለኝ። የከተማው ሴቶች ከየቤታቸው አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ ይስጡኝ። እየጣጣፍኩ ሰፍቼ፣ ጥጥ ሞልቼ፣ ብርድ ልብስ አደርገዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ያጫርቱት።»

«ድሪቶ ልትሰፊልን ነው?» አሉ ሐጂ ፈገግ ብለው።

«ድሪቶ ነው፤ እንዲህ ያለ ድሪቶ ግን አላዩም።»

እውነቷን ነበር። ሴቶቹ የሰርግ ሻሻቸውን ጫፍ፣ የልጆቻቸውን የዒድ ልብስ፣ የባሎቻቸውን አሮጌ ሽርጥ አመጡላት። እሷም ቀለሙን ከቀለም እያስማማች ገጣጠመችው። መካከሉ ላይ ግን የሚሆን ጨርቅ አጣች። አንድ ቀን ሳጥኗን ከፍታ የሰዕዲያን የሰርግ ቀሚስ አወጣች፤ አረንጓዴ ሐር ነበር። ለረጅም ጊዜ ጭኗ ላይ አድርጋው ተቀመጠች። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ ቆረጠችው፣ መካከሉ ላይም ሰፋችው። ለማንም አልተናገረችም። ሐጂ ሸምሰዲን ግን ሥራውን ሊያዩ በመጡ ጊዜ ሐሩን ከራሳቸው ጣቃ ቆርጠው የሸጡላት ስለሆነ ወዲያው አወቁት። አይተው ዝም አሉ፤ እሷም ዝም አለች።

ሰው የማያውቀውን ነገር በራሱ መንገድ ይሞላል። ሐጂ መካ መዲና ደርሰው የመጡ ናቸው፤ ሐሩ አረንጓዴ ነው፤ ከሌላው ጨርቅ ሁሉ ያበራል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ብቻ በገበያው «ያ አረንጓዴው ከመዲና የመጣ ነው፣ ከነቢያችን መቃብር፣ ከረውዳው መጋረጃ የተቆረሰ ነው» መባል ጀመረ። ሩቅያ የምትባል ጎረቤቷ ወደ ዙምራ መጥታ «እውነት ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

ዙምራ «አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። የሩቅያን ዓይን ስታየው በደስታ ርሶ ነበር። ሌሎችም እንዲህ ካመኑ ዋጋው ስንት እንደሚደርስ በልቧ ሽው አለባት።

«አላህ ያውቃል» አለች፤ መርፌዋንም መልሳ ያዘች።

የጨረታው ዕለት የመስጂዱ ግቢ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሐጂ ሸምሰዲን ድሪቶውን በሁለት ሰው አስይዘው ዘረጉት። ዋጋው ከተጠበቀው በላይ ወጣ፤ ሐጂም ሰው ለኸይር ሥራ ይህን ያህል ለመስጠት በመጨከኑ ተገርመው አላህን አመሰገኑ። በመጨረሻ ነስሩ የሚባል፣ ከሩቅ ከተማ የመጣ የእህል ነጋዴ፣ ማንም ሊጨምርበት የማይችል ዋጋ ጠራ። በዚያ ገንዘብ ድልድዩ ክረምቱ ሳይገባ ያልቅ ነበር። ዙምራ ሴቶቹ በተቀመጡበት ጥላ ሥር ሆና ታያለች።

ነስሩ ወደ ፊት መጣ። አረንጓዴውን ጨርቅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመውና ፊቱን አበሰበት።

«ሐጂ፣ እናቴ አልጋ ከያዘች ቆየች» አለ። «ሐኪም አልቀረኝም። ይህን ከረውዳ የመጣውን አለብሳታለሁ፤ በበረካው ትነሣለች።»

ሐጂ ሸምሰዲን ወሬውን ገና ያን ጊዜ ሰሙት። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ጥቂት ታገሠኝ» አሉትና በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወደ ሴቶቹ ጥላ ሄዱ። ዙምራ ተነሥታ ቀረበች።

«ይህን ወሬ ሰምተሽ ነበር?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አላህ ያውቃል አልኩ።»

«አላህማ ያውቃል» አሉ ሐጂ።

ዙምራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እርስዎ አልዋሹም፣ እኔም አልዋሸሁም። ሰው ነው የተናገረው። ገንዘቡ ለኪሳችን አይደለም፣ ሐጂ። በሚመጣው ክረምት እዚያ ዳር የምትተኛ የሌላ ሰው ልጅ አለች። ለእሷ ሲሉ ዝም ይበሉ።»

ሐጂ ራሳቸውም ድልድዩን ሳያዩ እንዳይሞቱ በየሶላቱ ዱዓ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸውም ከዓመት ዓመት እየከዳቸው ነበር።

«ዙምራ» አሉ፣ «ሰውዬው ለእናቱ መድኃኒት የገዛ መስሎታል። እናቱ ባትነሣ ተስፋ የሚቆርጠው በእኔና በአንቺ አይደለም። በአላህ ነው። ያን ልሸከመው አልችልም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የሰዕዲያን ስም ማንሣት ሊኖርብኝ ነው። ካልፈቀድሽ ጨርቁ ከሱቄ የወጣ ነው ብዬ ብቻ አበቃለሁ።»

ዙምራ ነጠላዋን በራሷ ላይ አስተካከለች። ለምን እንዳለችው እሷም በኋላ ለማስረዳት ተቸግራለች፤ ብቻ «ስሟንስ እኔ ልጥራው» አለች።

ወደ ግቢው መካከል ወጣች። «ይህ አረንጓዴ ከመዲና አልመጣም» አለች። «የልጄ የሰዕዲያ የሰርግ ቀሚስ ነው። በወንዙ ዳር ውሃ እስኪጎድል ስትጠብቅ የሞተችው ልጄ። ወሬውን ሰምቼ ሳላርም ቀርቻለሁ። ነስሩ፣ ወንድሜ፣ ዐውፍ በለኝ።»

ነስሩ ጨርቁን ለቀቀው። አልተቆጣም፤ ትከሻው ግን ወረደ። «ዐውፍ ብያለሁ፣ እናቴ» አለ። «አላህ ልጅሽን ጀነት ያግባልሽ። እኔ የፈለግሁት ግን ሌላ ነበር።» ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ ሄደ። ከሱ በኋላ ዋጋ የጠራ አልነበረም። ሰዉ እየተንሾካሾከ ተበተነ፤ «ዝም ቢሉስ ምን ነበረበት» የሚለው ድምፅ ለዙምራም ለሐጂም ጆሮ ደረሰ። ሐጂ ድሪቶውን አጥፈው በብብታቸው ይዘው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። ሐጂ በቅሎ ተከራይተው ነስሩን ተከትለው ሄደው ነበር። በታመመችው እናት ራስጌ ተቀምጠው ቁርኣን ቀሩላት፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ተመለሱ። ሴትዮዋ ትዳን አትዳን፣ ታሪኩን ያቆዩልን ሰዎች አይነግሩንም።

ዙምራ ግን ወደ በረንዳው አልመጣችም። ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ልጇን ሁለተኛ የቀበረቻት መሰላት፤ ስሟን በአደባባይ ጠርታ፣ በምላሹ አንዲት ድንጋይ እንኳ አላስገኘችላትም።

የተናገረችው ግን ወንዙን ተሻግሮ ነበር። አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ሐጂ ሸምሰዲን ከማዶ ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ከፊት ያለው ሽፋው የሚባል ገበሬ ነበር፤ ያን ሐምሌ የሰዕዲያን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ።

«እትዬ ዙምራ» አለ ሽፋው ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ «ድልድዩ የከተማ ነጋዴዎች ጉዳይ መስሎን ነበር፤ ገበያቸው እንዲሰፋ የሚሠሩት። በሰዕዲያ ምክንያት መሆኑን ማንም አልነገረን። ድሪቶውን እንግዛው። ነጋዴው የጠራውን ያህል የለንም፤ ፍየልም ሸጠን፣ ማርም ሸጠን ያዋጣነው ይኸው ነው። የቀረውን በጉልበታችን እንክፈል። ድንጋዩ ከኛ ተራራ ነው የሚፈለጠው፤ በሬዎቻችን ይጎትቱታል።»

«ድሪቶውን ምን ታደርጉታላችሁ?» አለች ዙምራ።

«ቃሬዛው ላይ እናነጥፈዋለን። ያን ቀን ሰዕዲያ ብርድ ብርድ ይለኛል ስትል የምናለብሳት አልነበረንም።»

ዙምራ በሩን ይዛ አለቀሰች። እንባዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ካለቀሰች በኋላ እንግዶቹን አስገብታ ምሳ አቀረበችላቸው።

ግንበኞቹ ያን በጋ ምሰሶዎቹን ብቻ ጨረሱ። በመጣው ክረምት የማዶ ሰው እንደ ድሮው ዳር ላይ ጠበቀ፤ አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ ግን አልነበረም። በሁለተኛው በጋ ከወዲህም ከወዲያም የመጣ ሕዝብ አብሮ ድንጋይ እየተቀባበለ ድልድዩን ገጠመው። ነስሩም በድብቅ እጁን ዘርግቷል የሚሉ አሉ፤ አይ፣ አልተመለሰም የሚሉም አሉ።

ባለቀበት ዕለት ሐጂ ሸምሰዲን በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ እስከ መካከሉ ሄዱ፤ ዙምራ ትከተላቸዋለች። በልቧ የቆየውን ያን ጊዜ አወጣችው።

«ሐጂ፣ ያን ዕለት ዝም ብለው ቢሆን ድልድዩ ዓመት ቀድሞ ያልቅ ነበር። አይቆጭዎትም?»

«ይቆጨኛል፣ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ነገር ግን በረሱል ስም ባጭበረበርኩበት ድንጋይ ላይ ቢስሚላህ ብዬ እግሬን ማሳረፍ ባልቻልኩ ነበር።»

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሸይጣን ሌባውን በስርቆት ይፈትነዋል፤ ደጉን ሰው ግን በደግ ሥራው ነው የሚፈትነው። «ለየቲሞች ነው፣ ለመስጂድ ነው፣ ለነፍስ ማዳን ነው» እያለ ትንሽ ዝምታ ያስለምደዋል። ሰደቃ የምንሰበስብ ሁሉ ይህን ፈተና እናውቀዋለን። ሐጂ ይቆጨኛል ማለታቸውንም አንርሳ፤ እውነት ዋጋ አያስከፍልም ብለው አላታለሉንም። በሚመጣው ክረምት ወንዙ ዳር የምትጠብቅ ሴት ልትኖር እንደምትችል ያውቁ ነበር፣ ቢሆንም ኒያቸውን፣ የልባቸውን ሐሳብ፣ ለአላህ ብቻ አደረጉ፣ የቀረውንም ለሱ ተዉት። ደግሞም እውነቱን የፈለጉት ሐጂ ይሁኑ እንጂ የተናገረችው ዙምራ ናት። ሐሩን ስትቆርጥ ለድልድዩ የሰጠችው ጨርቅ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ቆማ «ሰምቼ ሳላርም ቀርቻለሁ» ስትል ግን የሰጠችው ራሷን ነው። አላህ ከሁለቱም ይቀበላቸው፤ ለእኛም ዝም ማለት በሚጣፍጥበት ቦታ የምንናገርበትን ምላስ ይስጠን።