ምስክሯን ማን አስጠናት?

አቶ ልሳነወርቅ ዐቃቤ ሕግ ሳሉ የአንድ ሲሚንቶ መጋዘን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ደምሰውን በስርቆት ከሰሱ። ክሱ ሲጓተት እሳቸው የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው ጥብቅና ጀመሩ። ከዚያም ጉዳዩን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ፣ የአቶ ደምሰው ጠበቃ ሆነው ቀረቡ። አገልግሎታቸውን ለሁለቱም ወገን እኩል በማዳረሳቸው ብዙ ተመሰገኑ።

ምስክሯ መጋዘኑን የምትጠርግ ሴት ነበረች። ሲሚንቶው በሥራ አስኪያጁ መኪና ላይ ሲጫን ማየቷን ስትናገር፣ አቶ ልሳነወርቅ ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ያስጠናሽ ሰው አለ። በሐሰት መመስከር እንደሚያሳስር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ስሙን ተናገሪና እሱ ይታሰር። ከደበቅሽው አንቺ ትገቢያለሽ!»

ሴትዮዋ ፈራ ተባ አለች። «ትልቅ ሰው ቢሆንስ?»

«የፈለገውን ይሁን!»

«እርስዎ የሚወዱት ሰው ቢሆንስ?»

«የእናቴ ልጅ ቢሆን አልምረውም!» አሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። ዳኛውም ቃሉ እንዲመዘገብ አዘዙ።

ሴትዮዋ እፎይ ብላ ወደ ዳኛው ዞረች።

«እንግዲህ ክቡር ዳኛ፣ ራሳቸው ናቸው። ዐቃቤ ሕግ ሳሉ ቢሯቸው አስቀምጠው፣ ‹ሰውየው የለየለት ሌባ ነው፤ ያየሽውን ሳትፈሪ ተናገሪ› ሲሉኝ ዋሉ። ያኔ ዋሽተውኝ ከሆነ ይታሰሩልኝ። እውነታቸውን ከሆነ ደግሞ ቁጭ ይበሉና ምስክርነቴን ልጨርስ።»