ደምሰው ልጅ አላዝልም አለ

ተረት ልንገራችሁ፤ ሰሚው ይደላደል።

ዘርፌ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከብዙ ዓመት በኋላ ስፌቱን ትታ ነርስ ልትሆን ቆረጠች፤ የኮሌጁንም ፈተና አለፈች። ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት ነው፤ ሰኞ ያልቀረበ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል። ሁለቱ ልጆቿ ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ሦስተኛዋ ገና ሕፃን ናት። ደግነቱ ባሏ ደምሰው የከረንቡላ ቤቱን የሚከፍተው ከምሳ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሥራው ማዛጋት ነው።

“ደምሰው፣ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን እዘልልኝ” አለችው።

“እኔ? አንቀልባ? እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች!”

ዘርፌ ወደ አማቷ ሄደች። “እማማ፣ ደምሰው ልጅ አላዝልም አለ፤ እባክዎ ደምሰውን ይዘዙልኝ።”

“እኔስ ባዘዝኩት። የነፍስ አባቴ ቢቆጡኝስ?” አሉ። አማቷ ከመቼ ወዲህ ቄስ መፍራት እንደጀመሩ እግዜር ይወቅ።

ዘርፌ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ላቀው ሄደች። “አባ፣ ደምሰው ልጅ አላዝልም አለ፤ እናቱ ደምሰውን አላዝም አሉ፤ እባክዎ እናቱን ይምከሩልኝ።”

“ኃጢአትስ የለውም” አሉ መምሬ፣ ጺማቸውን እያሻሹ። “ግን የዕድሩን ዳኛ ሳላማክር የሠፈር ነገር ውስጥ አልገባም።” መምሬ ያልገቡበት የሠፈር ነገር እስካሁን አልተገኘም።

ዘርፌ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ታፈሰ ሄደች። “ጋሼ፣ ደምሰው ልጅ አላዝልም አለ፤ እናቱ ደምሰውን አላዝም አሉ፤ መምሬ እናቱን አልመክርም አሉ፤ እባክዎ መምሬን ያግባቡልኝ።”

ጋሽ ታፈሰ ጉባኤ የሚከፍቱ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ዛሬ ደምሰው ካዘለ ነገ እኛንም እዘሉ ሊሉን ነው። ደግሞ ሚስቴ ይህን ብትሰማ ጉዴ ፈላ!”

ዘርፌ ወደ ሚስታቸው ወደ እትዬ ጌጤነሽ ሄደች። “እትዬ፣ ደምሰው ልጅ አላዝልም አለ፤ እናቱ ደምሰውን አላዝም አሉ፤ መምሬ እናቱን አልመክርም አሉ፤ ጋሼ መምሬን አላግባባም አሉ፤ እባክዎ ጋሼን ይገሥጹልኝ።”

“ሂጂ ወደዚያ! እኔ የራሴን አልቻልኩም። ስኳር ይዞኝ በየማለዳው ለአንድ መርፌ ጤና ጣቢያ እሰለፋለሁ። ራሴን መውጋት እፈራለሁ፤ ይሄ ታፈሰ እንደሆነ መርፌ ሲያይ ይዝለፈለፋል።”

“እትዬ፣ እኔ እኮ ኮሌጅ የምገባው እሱኑ ልማር ነው። በየማለዳው ክፍል ሳልገባ እቤትዎ እየመጣሁ እወጋዎታለሁ።”

እትዬ ጌጤነሽ ነጠላቸውን አጣፉ።

“ታዲያ ምን ትለፈልፊያለሽ፣ ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም? ታፈሰ! ና እስቲ ወዲህ!”

ያን ጊዜ እትዬ ጋሼን ገሠጹ፤ ጋሼ መምሬን አግባቡ፤ መምሬ እናትን መከሩ፤ እናት ደምሰውን አዘዙ፤ ደምሰው ልጅ አዘለ። ለዘርፌ ምኞት ያልተነቃነቀ ሠፈር ለእትዬ ክንድ ሲባል በአንድ ከሰዓት ተነቃነቀ።

ሰኞ ዘርፌ ክፍል ገብታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደምሰው ልጅቷን አዝሎ በራፉ ላይ ሲንጎራደድ ጎረቤቶች “አቤት ባል! እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል!” አሉት።

“ሐሳቡ እኮ ከመጀመሪያውም የኔ ነበር” አላቸው።

የኔ ተረት ይኸው ነው፤ የደምሰውን ተረት ደግሞ እሱ ይንገራችሁ።