ከሁለት ጥቁሮች የተወለደው ቀይ ጥጃ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጪኝ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። አባትሽ ለቀዶ ሕክምና ደም ያስፈልገዋል ተብሎ ስትመረመሩ እሱ ኤ፣ እናትሽ እህቴ ቢ፣ አንቺ ኦ ሆናችሁ ተገኛችሁ። አንቺም ደም መስጠቱን ትተሽ እኔ ዘንድ መጣሽና «ጋሼ፣ እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አልሽ። እናትሽን እንዲህ ብለሽ አለመጠየቅሽ ደግ ነው። እኔም ንዴቴ እስኪበርድልኝ መልሱን በሌላ ሰው በኩል ላምጣው።

ያ ሰው ገበሬ ነበር። አንድ ጥቁር በሬ አለው፤ ለእሱ ጥማድ የሚሆን ሌላ ጥቁር በሬ ይመኛል። በዚያ አገር ቀለሙ የገጠመ ጥማድ ያለው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጥቁር ላሙን እየነዳ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ጎረቤቱ ሁለት ኮርማ አለው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ሁለቱ ሰዎች አብሮ አደጎች ናቸው፤ ወንፈል እየተገባቡ፣ አንዱ የሌላውን ማሳ ሲያርስና ሲያጭድ የኖሩ። «ቀዩን እሰረው፤ ጥቁሩ ብቻ ከእሷ ጋር ይዋል» አለ ገበሬው። ጎረቤቱም ቀዩን አሰረ።

ጊዜው ሲደርስ ላሚቱ ወለደች። ጥጃው ወንድ ነው፤ ግን እንደ በርበሬ ቀይ።

ገበሬው መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም። ቀጥሎ ጎረቤቱን አላመነም። ሄዶ በሰው ፊት ከዳተኛ አለው። ጎረቤቱ «ልጆቼን! አስሬዋለሁ» ብሎ ማለ፤ ማን ይስማው? ወንፈሉ ፈረሰ። የሁለቱም ጤፍ ደርሶ ሲረግፍ እያንዳንዱ በየማሳው ብቻውን ጎብጦ ያጭድ ጀመር። ገበሬው ጥጃውንም ጠላው፤ እናቱን ሊጠባ በተጠጋ ቁጥር እየጎተተ ያስረዋል። ጥጃው ከሳ። ምስኪን፣ ከመወለዱ በቀር ምን አጠፋ?

ገበሬው አሮጊት እናት ነበረችው። የጥጃው ጩኸት ሲሰለቻት ልጇን ጠራችው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለችው። «የዚህችን ላም እናት ረሳሃት?»

አልረሳትም። ወተቷን ጠጥቶ ያደገባት ላም ናት። ቀይ ነበረች።

«የጥቁሩ ኮርማስ እናት?»

እሷም ቀይ ነበረች። ከጎረቤቱ ጋር ሆነው ነበር ከገበያ ነድተው ያመጧት።

«እንግዲህ ጥቁሮቹ ከእናቶቻቸው የወረሱትን ቀይ ደብቀውት ኖረዋል» አለች አሮጊቷ። «ላሚቱም የደበቀችውን ሰጠች፣ ኮርማውም የደበቀውን ሰጠ። ጥጃው ጥቁር ከየት ያምጣ? አንተ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥተህ ወዳጅህን አጣህ።»

ገበሬው ተነሣ። ጥጃውን ፈታና ከእናቱ ጋር አገናኘው። ጠብቶ ሲጠግብ ተሸክሞት ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሄደ። ጎረቤቱ ቀና ብሎ አየውና ወደ አጨዳው ተመለሰ። ገበሬው ጥጃውን ድንበሩ ላይ አወረደ፤ ማጭዱን ይዞ የጎረቤቱን ጤፍ ከዳር ጀምሮ ማጨድ ያዘ። ይቅርታ የምትለው ቃል ከአፉ የወጣችው ግማሹን ማሳ ካጨደ በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው እጁ ከምላሱ ይቀድማል፤ እንዲህ ያለውን ሰው እኔ እወደዋለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ የእህቴ ልጅ። ቀዩ ጥጃ አንቺ ነሽ፤ አትቆጪ። ሰው የደሙን ዓይነት ከሁለት ሰው ይወርሳል፣ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። አባትሽ ከአንዱ ወላጁ ኤን፣ ከሌላው ኦን ወርሶ ይሆናል፤ ኤ ባለበት ኦ አይታይምና ምርመራው ኤ ብሎ ያልፈዋል። እናትሽም እንዲሁ ከቢው ሥር ኦ ይዛ ይሆናል። ሲወልዱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ካላቸው ሁለት አንዱን ብቻ ነው የሚሰጡት። ሁለቱም የተደበቀውን ከሰጡሽ ኦ ሆነሽ ትወለጃለሽ። እህት ቢኖርሽ ኖሮ ኤ ወይም ቢ፣ አለዚያም ኤቢ ልትሆን ትችል ነበር፤ ያው አባት፣ ያችው እናት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህ ምርመራ «አባትሽ እሱ ነው» ብሎ አይምልልሽም፣ ያን ያህል አያውቅም። «አይደለም» ግን አላለሽም። ያልሽው አንቺ ነሽ። እህቴን እኔ አውቃታለሁ። አባትሽንም አውቀዋለሁ፤ የተወለድሽ ለት ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ አድርጎ በየቤቱ እየዞረ «አፍንጫዋን አያችሁልኝ?» ሲል የዋለ ሰው ነው። ያንን ድፍጥጥ አፍንጫስ ከእሱ ሌላ ማን ይሰጥሽ ነበር?

ነርሷ ደምሽ ለእሱ እንደሚሆን ነግራሻለች፤ የኦ ደም ኤ ላለው ሰው ይሰጣል። የጠረጠርሽው ደም እሱን ሊያተርፈው ይችላል። አባትሽ አልጋው ላይ ሆኖ «ልጄ የት ሄደች?» እያለ ነው። ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። እጅጌሽን ሰብስቢና የማን ልጅ እንደሆንሽ አሳዪው።