የታሰረው የደወል ገመድ

አንድ ካህን ነበሩ። የሚያገለግሉት በጉራጌ አገር፣ እንሰት በከበባት አንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብርቱ ሰው ነበሩ። ግን ስሙኝማ፣ ብርቱም ይደክመዋል!

በዚያ ዓመት ንዳድ ገብቶ አገሩን ፈጀው። አባ ከአንዱ ቀብር ሲመለሱ ሌላው ይጠብቃቸዋል። ባሏን ያጣችውን ያጽናናሉ፣ ልጁን የቀበረውን ያጽናናሉ። ክረምት ሲወጣ በአንድ ቤት አብረዋቸው የኖሩትን ሽማግሌ ቄስ ቀበሩ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ደግሞ የገዛ እናታቸውን ቀበሩ። ታዲያ እሳቸውን ማን ያጽናና? ሰዉ ሁሉ «አባማ የእግዚአብሔር ሰው ናቸው፣ ይችሉታል» ይላል። ይችሉታል! ካህን እናት የለውም እንዴ? ካህን ሆድ የለውም?

በዚያ መንደር ሰው ሲሞት ደወል ይደወላል። ለሞት ቆየት እያለ፣ ለቅዳሴ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው። በዚያ ዓመት ግን አመታቱን የሚለይ ጆሮ አልቀረም። ደወል ከተሰማ ሴቱ ነጠላውን ለሐዘን ዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» እያለ ይወጣል።

ሰሙነ ሕማማት ደረሰ። እንደ ሥርዓቱ ደወሉ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ዝም ይላል። አባም ገመዱን ወደ ላይ ጠቅልለው አሰሩት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ ኬርጋ መጡ።

«አባ፣ ደወሉ እንደታሰረ ይቅር» አሉ። «ሰዉ በሰማው ቁጥር ሞት የመጣ ይመስለዋል። ትንሣኤውን በዝምታ እናክብረው።»

አባ ምን አሉ? «እሺ» አሉ! እንዲያውም ቅልል አላቸው። ለካ ያን ገመድ በነኩት ቁጥር የእናታቸው ሬሳ ይታያቸው ኖሯል።

ወሬው እማማ ደስቴ ጆሮ ገባ። እማማ ደስቴ በዚያ ዓመት ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። በጥድፊያ መጡ።

«አባ፣ እውነት ነው? ነገ አይደወልም?»

«ሕዝቡ አዝኗል እማማ። እኔም... ደክሞኛል።»

«ለልጆቼ ሞት ሲደውሉ ደከመኝ አላሉም! ለልጆቼ ሞት የበረታ እጅዎ ለጌታዬ ትንሣኤ ሊዝል ነው? እንዲያ ከሆነማ ሞት ረታን ይበሉኛ! ደወሉንም ይውሰደው፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ይውሰደው!»

አባ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። እማማ ደስቴም አጠገባቸው ተቀምጠው አለቀሱ። «የእናትዎን ነፍስ ይማር፣ አባ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ግን ይደውሉ።»

በትንሣኤ ማለዳ አባ ገመዱን ፈቱ። ደወሉን እንደ እብድ ደወሉት! መንደሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ ግር ብሎ ወጣ። አቶ ኬርጋ ከፊት እየሮጡ፣ «ማን ሞተ? አባ፣ ኧረ ማን ሞተ?»

አባ ገመዱን አልለቀቁም። «ሞት ነዋ!» ብለው ጮኹ። «የሞተው ሞት ነው! ክርስቶስ ተነሥቷል! እናቴንም ያነሣታል፣ የእናንተንም ያነሣል! ሞት ወስጄ አስቀረሁባቸው ብሎ እንዳይመካ!»

እማማ ደስቴ እንባቸው እየወረደ፣ የዘቀዘቁትን ነጠላ አቅንተው ለበሱ። ከዚያ እልል አሉ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ከመካከላችሁ ሐዘን ያልገባበት ቤት የማን ነው? አልቅሱ! ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። አታልቅሱ የሚላችሁን አትስሙት። ግን እያለቀሳችሁ ደውሉ!

አንቺ፣ ባልሽ ከሞተ ወዲህ መዝሙር የተውሽ፣ ድምፅሽን ለማን አስረከብሽ? አንተ፣ ልጅህን ቀብረህ የወንድሙን ሠርግ የከለከልክ፣ ለማን አዝነህ ነው ሕያው ልጅህን የምትቀጣው? ለቀብር በዝናብ በጭቃ የሄደ እግራችሁ ለቅዳሴ ሲሆን ነው የሚደክመው?

ሞት ሰው ይወስዳል፤ ገመድ ግን አያስርም። ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ ፍቱት። ደውሉ! ሞት ሰምቶ ድብን ይበል!