የቤት ሊጥና የደጅ ሊጥ

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የላም በረት!» ትሉኛላችሁ። ዛሬ ላሞቹ ይተኙ። «የዳቦ ሌማት!» በሉኝና ልጀምር።

በድሮ ዘመን፣ ጉም ከሰው ጋር ጎረቤት በነበረበት ዘመን፣ ጉም አምባ የሚባል አገር ነበር። ጉሙ ማለዳ ከገደሉ ሥር ይወጣል፣ በየቤቱ ይዞራል፣ ረፋድ ላይ ወደ መጣበት ይመለሳል። በአምባው አናት ላይ የኪዳነ ምሕረት ደብር ነበረች። በግቢዋ ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ካባ የለበሰ መነኩሴ የሚመስል ጉሬዛ አለ። በዝግባው ሥር ደግሞ የሰንበቴ ቤት አለ።

ሰንበቴ እንዴት መሰላችሁ? የደብሩ ሰዎች ተራ ይገባሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካሉ፤ ማኅበርተኛውና ድሃው አብሮ ይበላል። ደግ ሥርዓት ነው። ከተበላ በኋላ ግን ቤቱ ይቆለፋል። ከእሁድ እስከ እሁድ ባዶውን ይቀመጣል። ቤት የሌላቸው ድሆች ደግሞ ከውጭ፣ የዚያኑ ባዶ ቤት ግድግዳ ተደግፈው ያድራሉ። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ልማድ ዓይን ይጋርዳል፣ ልጆቼ።

ቁልፉ ያለው በሰንበቴው አለቃ በባላምባራስ ድንበሩ አንገት ላይ ነው። ድንበሩ ሰፊ መሬት አለው፣ ሰፊ ጎተራ አለው፤ እጁ ግን ጠባብ ነው። በቤቱ ሁለት ዓይነት ሊጥ ይቦካል። አንዱ የቤት ሊጥ፣ ከነጭ ስንዴ። ሌላው የደጅ ሊጥ፣ ከአውድማ ጥራጊ። የደጁ ለለማኝ ነው።

ከግድግዳው ሥር ከሚያድሩት አንዷ ትብለጥ ናት። ባሏን ሞት፣ ቤቷን ናዳ የወሰደባት ሴት። ከጎኗ አያ ፈንቴ የሚባል ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይተኛል። አባቷ አይደለም፤ ግን አብሮ ብርድ የቀመሰ ሰው ዘመድ ከመሆን አይቀርም። በዚያ ዓመት አያ ፈንቴን ሳል ያዘው። ሰኔም ገባ። ትብለጥ ሳሉን ሰማች፣ ደመናውን አየች። «ይህን ክረምት ከውጭ ካደረ አይወጣውም» አለች። ፈራች። እጅግ ፈራች።

እሁድ ሆነ። ትብለጥ ባላምባራስ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ለክረምቱ ቤቱን ይክፈቱልን።»

«ቤቱ የባለተራ ነው። ተራ የሌለው አይገባበትም።»

ሁለተኛው እሁድ ሆነ። ትብለጥ ቆመች።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ተራ ይስጡኝ።»

«ቤት የሌለው ተራ አይወስድም።»

ሦስተኛው እሁድ ሆነ። ትብለጥ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ተራ ስለሌለኝ ቤት የለኝም። ቤት ስለሌለኝ ተራ የለኝም። ታዲያ እኔ የት ልቁም?»

ማኅበርተኛው ሳቀ። የደብሩ አለቃ መምሬ ክንፉ ግን አልሳቁም። «ይህን ሁሉ ዘመን ስትቀበል የኖረች ሴት ልስጥ አለች። ማን ይከለክላታል? የፊታችን እሁድ ተራው የትብለጥ ነው» አሉ።

ባላምባራስ ቆጣ አለ። «መልካም! ግን አንድ ሰው እንኳ የቀረበለትን ሳይበላ ቢነሳ፣ ድሃ የተባለ ሁሉ ከዚህ ግቢ ይውጣ።»

«ሁሉም ከበላስ?» አለች ትብለጥ።

«ሁሉም ከበላ ቁልፉን ውሰጂ» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከየት አምጥታ!

ትብለጥ ወጥታ ከዝግባው ሥር ተቀመጠች። እንዴት እንደምትፈጽመው የማታውቀውን ቃል ገብታለች። ጉሙ በቀትር ተመልሶ መጣና ከበባት። ዓይኗ ከበድ ከበድ አለ።

በሕልሟ ዳቦ ሲሄድ አየች። አዎ፣ ዳቦ! ድፎው፣ ቂጣው፣ ቁራሹ ሁሉ ማታ ከመስክ እንደሚገቡ ከብቶች በጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ወደየቤቱ ይሄዳል። ጉሬዛው ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠይቃል።

«አንተ የማን ነህ?»

«የወይዘሮ አምሳለ» ይላል ዳቦው፤ በሩ ይከፈትለታል፣ ይገባል።

«አንተስ የማን ነህ?»

«የሸክላ ሠሪዋ» ይላል፤ ይገባል።

አንድ ጥቁር ዳቦ ግን ወደ ኋላ ቀረ። አንድ በር አንኳኳ፤ አልተከፈተም። «አንተስ?» አለው ጉሬዛው። «ቤቴ አላስገባኝም። የደጅ ነህ አሉኝ» ብሎ አለቀሰ።

ትብለጥ ነቃች። ጉሙ ሄዷል። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ድሆቹን ግን ሰበሰበች።

«እንደ ወትሮው ለምኑ። የተሰጣችሁን ግማሹን ብሉ፣ ግማሹን አምጡ። የአንዱን ቤት ከሌላው ቤት እንዳትቀላቅሉ።»

አያ ፈንቴ ሳቀ፤ ሳቁ በሳል ተቋረጠ። «ቢቀላቀልም አትጨነቂ፣ ልጄ። ከየትኛው ቤት እንደ መጣ በጣቴ አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን በላሁት!»

ባላምባራስስ? ሞኝ አይደለም። «ይህች ሴት ከየት ታመጣለች? ለምና ነው» ብሎ አሰበ። ሚስቱን ጠራና «በዚህ ሳምንት የደጁን ሊጥ እንክርዳድ አብዢበት። ማኅበርተኛው ቀምሶ ይትፋው» አላት። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና። ባላምባራስ ግን አራቀው። ያን ዳቦ ድሆቹም ቀመሱት፣ መረራቸው፣ ሳይበሉት አመጡት።

እሁድ ደረሰ። ቅዳሴ ወጣ። ማኅበርተኛው በየመደቡ ተቀመጠ። ጠላ የለም፣ የምንጭ ውሃ አለ። መምሬ ክንፉ ዳቦውን ባረኩ። አያ ፈንቴ ቁራሹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ስም ይጠራል፣ ትብለጥ ከባለስሙ ፊት ታኖራለች።

«ወይዘሮ አምሳለ።» ወፍራም ድፎ፣ ጥቁር አዝሙድ የሸተተ። ወይዘሮ አምሳለ ቀመሰችና «እንዴ! ይሄማ የኔው እጅ ነው!» አለች። በላች።

«ሸክላ ሠሪዋ።» ትንሽ የገብስ ቂጣ። ትንሽ ናት፣ ንጹሕ ናት። ሸክላ ሠሪዋ በላች።

ሌላውም እንዲሁ። ቀጭን የሰጠ ቀጭን ቀረበለት። አቀረቀረ፣ አፈረ፣ ግን በላ።

«ባላምባራስ ድንበሩ።»

ከፊቱ ጥቁር ነገር ተቀመጠ። ቆረሰው። አሸተተው። አፉ ውስጥ አሸዋው ቀጭ አለ።

«ይህ የሰው ምግብ አይደለም!» ብሎ ብድግ አለ።

  ይህ ሰው ከወጣ ሁሉም አበቃ፤ አያ ፈንቴም አበቃ። ትብለጥ እንደ ምንም ድምፅዋን አወጣች።

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ። ከማን ቤት እንደ መጣ ልናገር ወይስ ተቀምጠው ይበላሉ?»

የባላምባራስ ሚስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ያየ ሁሉ ገባው።

መምሬ ክንፉም «ልጄ ድንበሩ» አሉ፤ «የሰው ምግብ ከሆነ ብላ። ካልሆነ ደግሞ ለሰው የሰጠው ማን እንደሆነ ንገረን።»

ቢወጣ ጉድ፣ ቢቀመጥ ጉድ። ባላምባራስ ተቀመጠ። በላ። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በላ። ቁልፉንም ከአንገቱ አውልቆ በትብለጥ እጅ ላይ አኖረ።

እንክርዳድ ግን ቀልድ አያውቅም። ባላምባራስ ልሂድ ብሎ ቢነሳ ምድሩ ዞረበት። ዝግባው ዞረ፣ ደብሩም ዞረ። ዶፍ ዝናብም ወረደ። ሰው ሁሉ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ ከመደቡ ሥር ወደቀ።

ድሆቹ «አውጪው! የእኛን ብርድ ይቅመሰው!» አሏት።

ትብለጥ አላወጣችውም። ገለባ ጎዘጎዘች። በእሷና በአያ ፈንቴ መካከል አስተኛችው፣ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። በሩን ከውስጥ ዘጋች። ከውስጥ! ስንት ዘመኗ ነው በር ከውስጥ ከዘጋች። ዝናቡ ከውጭ ቀረ። የአያ ፈንቴ ሳል ሙቀት ሲያገኝ ረገብ አለ።

ሲመሻሽ ባላምባራስ በእንቅልፉ አቃሰተ።

«አንኳኳሁ... ቤቴ አላስገባኝም... የደጅ ነህ አሉኝ...»

ትብለጥን ውርር አደረጋት። ሕልሟን ለማንም አልነገረችም ነበር። ጎንበስ ብላ እጇን በግንባሩ ላይ አኖረች።

«ገብተዋል፣ ጌታዬ» አለችው። «ይተኙ።»

ከዚያ ወዲህ በባላምባራስ ቤት አንድ ሊጥ ብቻ ቦካ። አያ ፈንቴ ክረምቱን አለፈው፤ መስከረም ላይ ወጥቶ አደይ አበባ አሸተተ። ቁልፉ በዝግባው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ዛገ፤ የሚቆለፍ ቤት አልነበረምና። ጉሬዛው ይጫወትበት ነበር ይላሉ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ልጆቼ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ዳቦው ግን ከየትኛው ሊጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።