አልቀዳም ያለችው የቡና ማሽን

እስቲ የያዛችሁትን ወሬ አቆዩትና ወዲህ ቀረብ በሉ። በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ፤ አንድ ስኒ ቡና። ያውም ለራሳቸው አይደለም፣ ለእትዬ አመለወርቅ ነው።

እትዬ አመለወርቅ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከሳቸው በታች ያሉ ጎረቤት ናቸው። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበርም ናቸው። ሁለቱ ድሮ ቡና ሳይጠራሩ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ኋላ ግን የጋሽ ወንድይፍራው ልጅ ለአባቷ የቡና ማሽን ገዛች። ማሽኗ አንድ ስኒ ቡና የታሸገባትን ትንሽ የአሉሚኒየም ጣሳ፣ ካፕሱል የሚሏትን፣ ትጎርስና አንድ ስኒ ትቀዳለች። ባዶዋን ጣሳ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ታጠራቅማለች። ታዲያ አንድ ቀን ያገለገሉ ካፕሱሎች የታጨቁበት ፌስታል ደረጃው ላይ ተቀደደና ጥቁሩ አተላ በእትዬ አመለወርቅ ነጭ ምንጣፍ ላይ ተንዠቀዠቀ። አንድ ሁለት ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ቡና አይጠጣጡም።

አሁን እትዬ አመለወርቅ ጠቅልለው ሀዋሳ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። የሚሄዱት ነገ ጠዋት ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ ታዲያ በዘበኛው በኩል መልእክት ላኩ፤ «ተኳርፈን አንለያይም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ ቡናውን እጠጣለሁ በላቸው።» ጋሽ ወንድይፍራው ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ፈሩ። ይህች ስኒ ዛሬ ካልተቀዳች ሌላ ቀን የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኗን ቢነኳት ቀይ መብራቷን ብልጭ ድርግም አደረገች። ሆዴ ሞልቷል፣ ካልገለበጡልኝ አልቀዳም ማለቷ ነው። መሳቢያዋን ሳብ አድርገው አወጡ። ግን የት ይገልብጡት? ባልዲው በካፕሱል ሞልቷል፣ ሳፋው ሞልቷል፣ የሽሮ ድስቱ ሳይቀር ሞልቷል። ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ይህን አላነሳም ካለች ሁለት ወሯ ነው። ወለሉ ላይ ይገልብጡት ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ብላችሁ የምትመክሩ እናንተ ቤት እንግዳ አይመጣም መሰለኝ! ጋሽ ወንድይፍራው ግራ ገባቸው። መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ባልዲ አንጠልጥለው ወረዱ።

ግቢው በር ላይ ትርንጎን፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዋን አገኟት።

«ትርንጎዬ፣ ይህን አንሺልኝ። አንቺ ካላነሳሽ ማሽኗ አትቀዳም፤ ማሽኗ ካልቀዳች እትዬ አመለወርቅ አይጠጡም።»

«አባባ፣ ነግሬዎት የለ?» አለች ጆንያዋን እያስተካከለች። «ቆርቆሮና አተላ ተቀላቅሎ አላነሳም። ጆንያዬን ይበሳና በጀርባዬ ይወርዳል። ደግሞ ይሄ እኮ አሉሚኒየም ነው፤ ቀልጦ ድስት የሚሆን ነገር ምን በወጣው ይቀበራል? ለቆራሌው ይስጡት።»

ቆራሌው ሸምሱ ማዶ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው አስፋልቱን ተሻግረው ሄዱ።

«ሸምሱ፣ ይህን ውሰድልኝ። አንተ ካልወሰድክ ትርንጎ አታነሳም፤ ትርንጎ ካላነሳች ማሽኗ አትቀዳም፤ ማሽኗ ካልቀዳች እትዬ አመለወርቅ አይጠጡም።»

ሸምሱ አንዷን አንስቶ አገላብጦ አየ። «ጋሼ፣ ቡናው እንዳለ ውስጡ ነው እኮ። አቅላጮቹ እንዲህ ሆኖ አይቀበሉኝም። አጥበው ያምጡት፣ መርቄዎት እወስዳለሁ።»

መታጠቡስ ምን ገዶ። ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደው ከፈቱት። ቧንቧው ሁለቴ ሳል ሳል አለና ዝም አለ። ለካ ዛሬ የውሃ ፈረቃው የእነሱ አይደለም። ቤት ያለችው አንዲት ጠርሙስ ውሃ ደግሞ ለቡናው ብቻ ነው የምትበቃው። ጋሽ ወንድይፍራው ቧንቧውን እንደ ሰው ተቆጡት።

«አንተ ካልወረድክ ሸምሱ አይወስድም፤ ሸምሱ ካልወሰደ ትርንጎ አታነሳም፤ ትርንጎ ካላነሳች ማሽኗ አትቀዳም፤ ማሽኗ ካልቀዳች እትዬ አመለወርቅ አይጠጡም!»

ቧንቧ አፍ የለውም እንጂ ቢኖረው፣ ታንከሬ ባዶ ነው፣ ፓምፑ ሲነሳ ያናግሩኝ ባላቸው ነበር። የፓምፑ ቁልፍ ያለው ዘበኛው ገመቹ ጋ ነው። ገመቹ አጥሩ ጥግ የተከላትን ጎመን እየኮተኮተ ነበር።

«ገመቹ፣ ልጄ፣ ፓምፑን ክፈትልኝ። አንተ ካልከፈትክ ቧንቧው አይወርድም፤ ቧንቧው ካልወረደ ሸምሱ አይወስድም፤ ሸምሱ ካልወሰደ ትርንጎ አታነሳም፤ ትርንጎ ካላነሳች ማሽኗ አትቀዳም፤ ማሽኗ ካልቀዳች... ማን ነበሩ? አዎ፣ እትዬ አመለወርቅ አይጠጡም።»

ገመቹ ኩትኮታውን አቆመና አዘነላቸው። «ጋሼ፣ ባለፈው በራሴ ፈቃድ አስነስቼው ውሃው ኮሪደሩን አጥለቀለቀው። ሊቀመንበሩ ካላዘዙ እንዳትነካ ተብያለሁ።»

«ሊቀመንበሩ ደግሞ ማን ናቸው?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ይህን ጊዜ ራሳቸው ዞሮባቸዋል።

«እንዴ ጋሼ! እትዬ አመለወርቅ ናቸዋ!»

ጋሽ ወንድይፍራው አንዴ ገመቹን፣ አንዴ ባልዲውን አዩ። ከዚያ ባልዲውን እንዳንጠለጠሉ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው አንኳኩ። እትዬ አመለወርቅ በሩን ገርበብ አደረጉት። ከኋላቸው የታሰሩ ካርቶኖችና ብርጭቆ ሊጠቀለልባቸው የተዘጋጁ አሮጌ ጋዜጦች ይታያሉ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልነበር የተባባልነው፣ አቶ ወንድይፍራው?» አሉ። ድሮ «አንተ» ነበር የሚሏቸው፤ ከተኳረፉ ወዲህ ነው አቶ የሆኑት።

«ነው፣ ግን ይዘዙልኝ። እርስዎ ካላዘዙ ገመቹ አይከፍትም፤ ገመቹ ካልከፈተ ቧንቧው አይወርድም፤ ቧንቧው ካልወረደ ሸምሱ አይወስድም፤ ሸምሱ ካልወሰደ ትርንጎ አታነሳም፤ ትርንጎ ካላነሳች ማሽኗ አትቀዳም፤ ማሽኗ ካልቀዳች እርስዎ አይጠጡም።»

እትዬ አመለወርቅ አሰብ አደረጉ። «እንግዲህ ከእርስዎ ጋር አልታረቅንም። ያልታረቅኩትን ሰው ጉዳይ ብፈጽም አዳላች ይሉኛል፤ ብከለክል ተበቀለች ይሉኛል። መጀመሪያ ቡናውን እንጠጣ። ከጠጣን በኋላ አዛለሁ።» በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ጋሽ ወንድይፍራው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ነገሩን በጣታቸው ይቆጥሩት ጀመር። ቡና ሳይጠጡ አያዙም፤ ሳያዙ ገመቹ አይከፍትም፤ ሳይከፍት ቧንቧው አይወርድም፤ ሳይወርድ ሸምሱ አይወስድም፤ ሳይወስድ ትርንጎ አታነሳም፤ ሳታነሳ ማሽኗ አትቀዳም፤ ማሽኗ ሳትቀዳ ቡና የለም፤ ቡና ሳይጠጡ አያዙም... ጣታቸው አልቆ እንደገና ከአውራ ጣት ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲለዩ እንዲህ ያለ አድራሻ ገጥሟቸው አያውቅም። ሰዓታቸውን አዩ፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። እሷ ልታዝልኝ አልፈለገችም፣ እኔም ቡናውን ላጠጣት አልቻልኩም፣ በቃ ቀረ አሉ።

ንዴት ሲይዛቸው አንዷን ካፕሱል ከባልዲው አንስተው ክዳኗን በአውራ ጣታቸው ገፈፉና ደረጃው ላይ አጋጯት። ቋ! ሁለት ወር ፀሐይ ያደረቀው ቡና እንደ ዱቄት ዱብ አለ። ጣሳዋ ባዶዋን፣ አንጸባርቃ እጃቸው ላይ ቀረች። ጋሽ ወንድይፍራው ዐይናቸውን አላመኑም። ሌላ አነሱ፤ ቋ! ውሃ የሚባል ነገር አላስፈለገም። ሦስተኛዋን እያጋጩ ሳለ በሩ ተከፈተ።

«ደጄ ላይ ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

ጋሽ ወንድይፍራው ቀና ቢሉ እትዬ አመለወርቅ ቆመዋል። ዝቅ ቢሉ ደግሞ ጥቁር ቡና ደረጃው ላይ፣ ከነጩ ምንጣፍ ስንዝር ፈቅ ብሎ ተደፍቷል። ያው ደረጃ፣ ያው ቡና፣ ያው ምንጣፍ። አለቀ፣ አሁን ለዘላለም ተጣላን አሉ በልባቸው።

እትዬ አመለወርቅ ቡናውን አዩ። ባዶዋን ጣሳ አዩ። ከዚያ የጋሽ ወንድይፍራውን የተጨነቀ ፊት አዩና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ጋዜጣ ይዘዋል።

«ምናለ ጋዜጣ ብታነጥፍ፣ አንተ ሰውዬ?» አሉ። አንጥፈውም አጠገባቸው ቁጭ አሉና አንዷን ካፕሱል አነሱ። ቋ!

ባልዲው አለቀ፤ ሳፋው ወረደ፤ ድስቱም ወረደ። ያልደረቀውን እትዬ አመለወርቅ በማንኪያ ጫፍ ፈለፈሉት። ሲያጋጩ ተሳሳቁ፤ ሲፈለፍሉ ስለ ምንጣፉ እንደገና ተጨቃጨቁ፤ ጭቅጭቁ ግን ሳቅ ነበረበት። ገመቹ ድምፁን ሰምቶ መጣና ቡናውን ከነጋዜጣው ታቅፎ ለጎመኔ ሥር ብሎ ወሰደው። ፓምፑን የጠየቀው ሰው የለም፤ ቧንቧውንም የተቆጣው የለም። ሸምሱ ጣሳዎቹን መርቆ ወሰደ። ትርንጎ ምን ላንሳ ብትል የሚነሳ ጠፋ። መሳቢያው ተገለበጠ፤ ማሽኗ አረንጓዴ አበራች፤ ማሽኗ ቀዳች፤ እትዬ አመለወርቅም ጠጡ።

ስኒዋን ጨልጠው ዘረጉላቸው። «ሁለተኛውስ?»

ጋሽ ወንድይፍራው እንደገና ግራ ገባቸው። «ሁለተኛ የላትም። አንድ ካፕሱል አንድ ስኒ ናት።»

«በአቦል ብቻ የሚታረቅ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?»

ጋሽ ወንድይፍራው ተነስተው አዲስ ካፕሱል ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ። እትዬ አመለወርቅ እጃቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«ተው፣ ሌላ ቆርቆሮ አትክፈት። ቶናውን ሀዋሳ መጥተህ ከእኔ ጋ ትጠጣለህ። በረካውን እኔ መጥቼ እዚህ እጠጣለሁ። ከዚያ ታረቅን ይባላል።»

ጋሽ ወንድይፍራው የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ወለል ብሎ ገባቸው። ወዲያውም፣ «የሀዋሳ አውቶቡስ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አሉ።