የላሰው ገደል ስሙን እንዴት እንዳገኘ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዕድሜዬን ይቁረጠው፣ አፈር ያስበላኝ። መሐላውን ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም፤ የዛሬ ሰው ማመን ስለሚከብደው ነው። በቀደም ለት ገበያ ላይ ይህንኑ ታሪክ ብጀምረው አንዱ ጎረምሳ «አባባ፣ ቪዲዮ አለዎት?» አለኝ። ቪዲዮ!

ከወንበሪት ባሕር በስተምሥራቅ፣ ጎርፍ እንደ ዳቦ የቆረጠው አንድ ገደል አለ። ከሩቅ ለሚያየው ጥለቱ የበዛ ኩታ ይመስላል፤ ከላይ ነጭ፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር እንደገና ነጭ፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ስሙ ላሰው ነው። መንገድ የሠሩት ሰዎች ባቆሙት ሰሌዳ ላይ «ለሰው» ብለው ጽፈውታል፤ ለየትኛው ሰው እንደሆነ እነሱ ይወቁ። የሰዋስው መምህራችን ደግሞ «ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው፤ አንድ ሰው አንድን ነገር ላሰው ማለት ነው» እያለ ልጆቹን ያስተምራል። ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? ትእዛዝ ነው! ሴት ለባሏ የሰጠችው ትእዛዝ ነው።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ዝናቡ ዓመት በዓመት እያነሰ ሄዶ ወንበሪት ሸሸ። ወንበሪት ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም፤ ስለዚህ ሲጎድል የሚጎድለው ወደ ሰማይ ነው። በጣም ከመሸሹ የተነሣ ባሕሩን ለማየት ስንቅ መቋጠር ያስፈልግ ነበር ይባላል፤ የቀረውም ዓሣ አቧራ እያስነጠሰው ተቸግሮ ነበር ይባላል። ውሃው ለቆት የሄደው ባሕር ሸሽ ግን ሜዳ ሆነ፤ በዳር በዳሩም ሣር በቀለ፤ ሣሩም ከመርዘሙ የተነሣ የጠፋች ላም በዓመቱ ከነጥጃዋ ትወጣበት ነበር አሉ።

በዚያን ጊዜ መንደሩ ከገደሉ በላይ፣ ዛሬ ባለበት ቦታ ነበር። ግብሩንም ሙግቱንም የሚያየው የመንደሩ ጭቃ ሹም እንግዳሸት ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ምንም ነገር ቢነግሩት መልሱ አንድ ነው፦ «ማን አየ?» ጎተራዎ እየነደደ ነው ቢሉት፣ ያየውን ሰው አስጠርቶ ቃሉን እስኪቀበል ድረስ እህሉ አመድ ሆነ ይባላል። ይህ ሰው ሜዳውን አየና አዋጅ አስነገረ፤ ክረምት ሳይገባ መንደሩ በሙሉ ወደ ባሕር ሸሹ ይውረድ አለ። ቀድሞም የራሱን ቤት እዚያው መሀል ሜዳ ላይ አቁሞ ሣር አለበሰው፤ ሚስቱን አስካለንም ግድግዳውን በነጭ አፈር እንድትለቀልቅ አዘዛት።

አስካለ ያልቀመሰችውን ነገር ግድግዳ ላይ እንኳ የማትለጥፍ ሴት ነበረች። ነጭ አፈር ልትቆፍር ከገደሉ ሥር ወርዳ እጇ ከደረሰበት ነጭ በጣቷ ጫፍ ብትቀምሰው ጨው ሆነባት፤ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ብትቀምሰው ጨው የሚባል ነገር የለበትም፤ እንዲያውም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ጥርሷን ቆረጠማት። ከዚያ በታች ያለው ነጭ እንደገና ጨው ነው። ባልትና የምታውቅ ሴት ናትና ወዲያው ገባት፤ የያዘችውን ዶማ እዚያው ጥላ ወደ ባሏ ሮጠች።

«ጌታዬ» አለችው፤ ዘመኗን ሙሉ አንቱ ነበር የምትለው፤ «ወጥ እሳት ላይ ሲረሳ ውሃው ይመጥጥና ጨው ይሆናል። ነጩ አፈር ባሕሩ የመጠጠ ጊዜ ነው። ቀንድ አውጣ ያለበት ጥቁሩ ደግሞ ውሃው የተመለሰ ጊዜ ነው። ይሄ ባሕር ሲሄድ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሁልጊዜም ተመልሷል። እባክዎ ሰዉን ወደ ታች አያውርዱት።»

«ማን አየ?» አለ እንግዳሸት።

«ማንም አላየም። ቀምሼዋለሁ።»

«የቀመሰ ምስክር በየትኛው ችሎት ተሰምቶ ያውቃል?»

እጁን ስታስታጥበው ነገረችው፤ በቅሎውን ሲጭን ነገረችው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ነገረችው። ማን አየ፣ ማን አየ፣ ማን አየ። ከብስጭቷ የተነሣ በተነፈሰች ቁጥር ጎረቤቶቿ ዐውሎ ነፋስ የመጣ መስሏቸው ደጃፋቸውን ይዘጉ ነበር ይባላል። ልቧን ያቃጠላት ደግሞ ሌላ ነበር፤ የበኩር ልጇ አራስ ናትና፣ አዲሱን መንደር አራስ ትባርከው ተብሎ ከነሕፃኗ በቃሬዛ ቀድማ እንድትወርድ ተቆርጧል።

የመውረጃው ቀን ደረሰ። ሰዉ እንስራውንም፣ መዝጊያውንም፣ ዶሮውንም ተሸክሞ፣ አራሷን ከፊት አስቀድሞ ከገደሉ ሥር ሲደርስ፣ አስካለ ሁለት እጇን ዘርግታ መንገዱ መሀል ቆማለች። እንግዳሸት በቅሎው ላይ እንዳለ ከኋላ መጣ።

«ዞር በይ አንቺ ሴት! ሰው ያያል።»

«ይይ! ምስክር ሲፈልጉ አልነበር?»

ሕዝቡ ሳቁን ለመዋጥ ሲል ሳል ያዘው። እንግዳሸት ተቆጣ። «ምስክርሽ የታለ?» አላት። ወደ ገደሉ ጠቆመችው።

«ጭቃ አይናገርም።»

«አፍዎ ውስጥ ካልገባማ ምን ብሎ ይናገራል?»

ከሸክመኞቹ መካከል አንድ ሽማግሌ «ጌታው፣ የጭቃ ሹም አይደሉም እንዴ? ጭቃውን ይስሙት እንጂ» አሉ። አሁን ሳሉም ቀረና ሳቁ በይፋ ወጣ። እንግዳሸት ልጓሙን ሳበና አፉን ከፈተ፤ «ማን አ...» ከማለቱ፣ አስካለ ያን ሁሉ ዘመን ታግሣ የተሸከመችው አንቱታ ከላይዋ ወደቀ።

«ላሰው!»

እንደሚነገረው፣ ወፍ በአየር ላይ ቆመች። በቅሎዪቱ ቁጢጥ አለች። የአራሷ ሕፃን እንኳ ጡት ከአፉ ለቀቀ። ባሏን፣ ያውም ጭቃ ሹሙን፣ በሰው ፊት አንተ! «ይላሱት» ብትል ኖሮ ያ ቀን እንደሌላው ቀን ባለፈ፣ መንደሩም በወረደ ነበር። እንግዳሸት ግን እናቱ ከሞተች ወዲህ አንተ ያለው ሰው አልነበረምና፣ ቃሉ ጆሮው ሲገባ ሳያስበው ከበቅሎው ወረደ፣ ሳያስበው ወደ ገደሉ ሄደ፣ ሳያስበው ምላሱን አወጣ።

ነጩን ላሰ፤ ፊቱ ተጨማደደ። ጥቁሩን ላሰ፤ ፊቱ ተፈታ። ነጩን፣ ጥቁሩን፣ እንደገና ነጩን፣ እየላሰ እየላሰ ከመቆም ወደ መንበርከክ፣ ከመንበርከክ በደረቱ ወደ መተኛት ወረደ፤ በዚያ ለት የለሰለሰው የገደሉ ፊት እስከ ዛሬ እንደ መስተዋት ያበራል ይባላል። ጥማቱ ደግሞ የመንደሩን ቅል ሁሉ አስጨርሶ፣ በላዩ ላይ የምንጩን ውሃ ደገመበት። ከዚያ ቁጭ አለና ሜዳውን አየ። ልጁንም በቃሬዛው ላይ አየ።

«ይሄ ባሕር ሄዶ አያውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሲተኛ ነው የኖረው። አራሷን መልሷት።»

ሕዝቡ እልል እያለ ሽቅብ ተመለሰ። እንግዳሸትም በቅሎው ላይ ወጥቶ፣ ጺሙ ላይ የቀረውን ጭቃ እየጠረገ፣ «እኔ ድሮም ብዬ ነበር፤ እዚያ ታች ቤት አይሠራም» አለ። አስካለ ዝም አለች።

ክረምቱ ገባ፤ ሰማዩ ያስቀረውን ዝናብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፈለው። ወንበሪት እየገሠገሠ መጥቶ ሣሩንም ሜዳውንም ዋጠ፤ የእንግዳሸት አዲስ ቤት ክዳን ብቻ እንደ ታንኳ ተንሳፍፎ ከገደሉ ሥር ደረሰ። እንግዳሸት ከላይ ሆኖ ተመለከተውና «ይሄ ደግሞ የየትኛው ሞኝ ቤት ነው?» አለ ይባላል። አስካለ አሁንም ዝም አለች።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር የወሰን ሙግት ሲነሣ ሽማግሌዎቹ ተሟጋቾቹን ይዘው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። እዚያ ቆሞ «ማን አየ?» ያለ ሰው ባለጸጋም ቢሆን፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ሳይልስ ሁለተኛ ቃል አይሰጠውም። መንደሩም ዛሬ ድረስ ከላይ ነው። አምና ከሩቅ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ከባሕሩ ወለል በረጅም ቧንቧ ጭቃ አወጡ፤ እንደ ገደሉ ነጭና ጥቁር የተደራረበ ነው። ወስደው ጨውና ኖራውን በየፈርጁ ለክተው ተመለሱ፤ አንዲት ወጣት ተመራማሪም እገደሉ ሥር አስቀምጣ አስረዳችኝ። ባሕሩ ብዙ ጊዜ ደርቋል፣ ብዙ ጊዜ ሞልቷል አለች። ይህን እንኳ እኛም እናውቃለን። ቀጥላ ግን ከመድረቅ ወደ መሙላት ለመድረስ የብዙ ትውልድ ዕድሜ ይፈጃል፣ በአንድ ክረምት አይሞላም አትለኝም? ደሜ ፈላ።

«ማን አየ?» አልኳት።

ልጅቱ ባህላችንን ማን እንደነገራት እንጃ፣ ጣቷን ወደ ገደሉ ቀሰረች። ምን ላድርግ? ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ጨው ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው፤ ዓሣውም፣ ላሚቱም፣ የበቅሎዪቱ ቁጢጥ ማለትም እንዳለ እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፦ አስካለ ዝም አለች ያልኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዝም አላለችም። ያለችውን አባቶቻችን ቃል በቃል ነግረውኛል፤ ግን ይህን ጽሑፍ ልጆችም ያነቡታል።